ሲስተር ትመልሳለች፦ መብራቱ ከታችም ከላይም ይብራ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ሰዎች ተሰባስበው በብስክሌት ወደ ሆስፒታል እየሄዱ፣ ተኝተው የሚታከሙ ልጆችን ከመስኮት ውጭ ሆነው ስለማስደሰት። እኔ 14 ዓመት በልጆች ዋርድ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጉዳዩ ለልቤ ቅርብ ስለሆነ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ሦስት ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኛ 22 የብስክሌት ጓደኛሞች ነን። ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ አብረን እንነዳለን። የአንዳችን ልጅ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ማታ ሳንነግረው በመስኮቱ ስር አለፍን። መብራት አብለጨለጭን፣ ደወል ደወልን፣ ጮኽን። ልጁ ለቀናት ሲያወራው ሰነበተ። አሁን በየሳምንቱ ለሁሉም ልጆች እናድርገው የሚል ሐሳብ መጥቷል። ግን ከመካከላችን አንዱ «ይሄ ለታይታ ነው፤ ገንዘብ አዋጥተን መድኃኒት ብንገዛላቸው አይሻልም?» አለ። ሌላው ደግሞ ሆስፒታሉ ይቆጣናል ብሎ ፈራ። ምን ይመክሩናል?
የሐሙስ ነጂዎች

መልስ፦ የሐሙስ ነጂዎች፣ መጀመሪያ መድኃኒት እንግዛ ላለው ጓደኛችሁ ልመልስ። ጥያቄው የደግ ሰው ጥያቄ ነው። መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ግን ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ የሚያጣው ጤናውን ብቻ አይደለም። ጓደኞቹን ያጣል። ውጭውን ያጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ዛሬ ምን ይመጣ ይሆን?» ብሎ መጠበቅን ያጣል። ዋርድ ውስጥ የሚመጣው ሁሉ የታወቀ ነው። የሙቀት መለኪያ፣ ክኒን፣ መርፌ፣ እንደገና የሙቀት መለኪያ። በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ሁሉ ከልጁ የሚፈልገው ነገር አለው። ክንድህን ዘርጋ፣ አፍህን ክፈት፣ ዞር በል። እኔም ራሴ ስገባ ፊታቸው ሲጠቁር አያለሁ፤ ስለምጠላቸው እንዳልሆነ እያወቁም። እናንተ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ስትመጡ ግን ከልጁ ምንም አትፈልጉም። ይህ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሕክምናውም ቢሆን ይህን የተረዳው ቀስ ብሎ ነው። በብዙ አገር ሆስፒታሎች ወላጆች ልጃቸውን የሚያዩት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ ወላጆች በማንኛውም ሰዓት ልጃቸውን እንዲጠይቁ ይፈቀድ የሚል መንግሥታዊ ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስለ መስኮትም እንዲሁ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን አወዳደረ። የአንዳንዶቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የሌሎቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እነዚያ አዋቂዎች ናቸው፣ ያዩትም ብስክሌት ሳይሆን ዛፍ ነው። ቢሆንም መስኮት ለታመመ ሰው ዝም ብሎ መስኮት እንዳልሆነ ጥናቱ ይጠቁማል።

የእናንተን ሐሳብ የመሰለ ነገር በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው ሃስብሮ የልጆች ሆስፒታል ተጀምሮ አድጓል። ለልጆቹ ካርቱን የሚስል ሰው ነበር። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ከታች ከመንገድ ላይ በብስክሌቱ መብራት ለአንድ ታካሚ ደህና እደር አለው። ታካሚውም የክፍሉን መብራት አብርቶ አጥፍቶ መለሰለት። ነገሩ ከዚያ ተስፋፍቶ፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለአንድ ደቂቃ ብስክሌተኞች፣ የፖሊስ መኪኖች፣ ዙሪያውን ያሉ ሕንፃዎች ሳይቀሩ መብራታቸውን የሚያብለጨልጩበት ልማድ ሆነ። ልጆቹም ከላይ በእጅ ባትሪ ይመልሳሉ። በዚያው አገር በአዮዋ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ በልጆች ሆስፒታሉ አጠገብ ባለው ስታዲየም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታው የመጀመሪያ ሩብ ሲያልቅ፣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች ወደ ሆስፒታሉ መስኮቶች ዞሮ እጁን ያውለበልባል።

በሁለቱም ቦታ ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ይመልሳሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ዋርድ ስላየሁት ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የብስክሌት ቡድን ማታ እንደሚመጣ ነገረን። ዘጠኝ ልጆች መስኮቱ ጋ ሰበሰብን። አንዱ የግሉኮስ መስቀያውን እየጎተተ መጣ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የጀመረች የሰባት ዓመት ልጅ ማስክ አድርጋ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆመች። የደወል ድምፅ ከታች ተሰማ። ሌሎቹ ተገፋፉ። እሷ ግን ዞር ብላ «ሲስተር፣ የታሉ? እኔን ብቻ ነው የማየው» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እኔም ጎንበስ ብዬ በእሷ ቁመት አየሁ። እውነቷን ነው። የክፍሉ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ውጭው ጨለማ ነው። የመስኮቱ መስታወት የፊት ማያ መስታወት ሆኗል። ዘጠኝ ልጆች፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የግሉኮስ መስቀያ። መንገዱ የለም። ሮጬ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ክፍሉ ጨለመ፣ መንገዱ ወጣ። ግን ብስክሌቶቹ ጥጉን ታጥፈው እየሄዱ ነበር። የኋላ ቀይ መብራታቸው ብቻ ይታይ ነበር።

ከሁሉም ኋላ የነበረው አንዱ ነጂ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ ምናልባት መስኮቱ ሲጨልም አይቶ ይሆናል። ዞሮ ተመለሰ። እኔ ኪሴ ውስጥ የዓይን ብሌን የምናይባት ብዕር የምታክል ባትሪ ነበረች። ለልጅቷ ሰጠኋት። ሦስት ጊዜ አበራች። ሰውየው የብስክሌቱን መብራት በመዳፉ ሸፈነና ገለጠ፤ ሸፈነና ገለጠ፤ ሸፈነና ገለጠ። ሦስት። እሷ አምስት አደረገች። እሱም አምስት። ከዚያ አሥራ አንድ አደረገች፤ ሆን ብላ ለማሳሳት። እሱ አሥራ አንድ መለሰ። እኔም አብሬ ስቆጥር ነበር፤ አልተሳሳተም።

ያን ማታ ልጅቷ ያወራችው ስለሄዱት ብስክሌቶች አልነበረም። ለእናቷ ስልክ ስትደውል «ቆጠረልኝ» ነው ያለቻት።

እንግዲህ የሐሙስ ነጂዎች፣ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የልጆች ዋርድ ኃላፊ ነርሷን አግኙ። የአስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግን የትኛው መስኮት የት እንደሚያይ፣ ልጆቹ መቼ እንደሚተኙ የምታውቀው እሷ ናት። ሁለት ሆናችሁ በቀን ሂዱ፤ ሃያ ሁለት ሆናችሁ አትሂዱ። የምትጠይቋት ነገር ትንሽ ይሁን፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃ የክፍሉን መብራት ታጠፉልናላችሁ? አነስተኛ የእጅ ባትሪ ገዝታችሁ ስጧት፤ በአልኮል የሚጠረግ ፕላስቲክ ይሁን። መድኃኒት እንግዛ ያለው ጓደኛችሁ መዋጮውን ከዚህ ይጀምር።

መብራታችሁ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያብለጨልጨውን አማራጭ አጥፉት። ይህን አትርሱ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከመቶ ሦስት የሚሆኑት በብልጭታ ብቻ ሊነሳባቸው ይችላል፤ በልጆችና በጎረምሶች ላይ ደግሞ ይበዛል። አደገኛው በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚብለጨለጨው ነው። ሃያ ብስክሌት እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ሲብለጨለጭ አስቡት። እንደዚያ ሰውዬ መብራቱ በርቶ ይቆይ፤ በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ግለጡ። ቀስ ይላል፣ አይጎዳም፣ ደግሞም ልጁ ሊቆጥረው ይችላል። ሰማያዊ መብራት አታድርጉ፤ በብዙ አገር የአምቡላንስና የፖሊስ ነው።

ክላክስና ጩኸት ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት በሌሊት በሕሙማን ክፍል ውስጥ እንዲኖር የሚመክረው ድምፅ 30 ዴሲቤል ነው፤ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። ከእናንተ በላይ ካለው ፎቅ ላይ ዛሬ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ተኝቶ ይሆናል። ስትደርሱ አንድ ጊዜ ደወል፣ ስትሄዱ አንድ ጊዜ ደወል። በቃ። የድንገተኛ በር ፊት አንድም ብስክሌት አይቁም። አንድ ሰው በዚያ በኩል ብቻ እንዲመለከት መድቡ፤ አምቡላንስ ሲመጣ እሱ ይናገር፣ እናንተ ወዲያው ጥግ ያዙ።

ፎቶ አታንሱ። የራሳችሁን አንሱ፣ መስኮቱን ግን አታንሱ። ፀጉሯ የረገፈ ልጅ ፊቷ ስልካችሁ ውስጥ እንዲቀር አልፈቀደችም። ጓደኛችሁ «ለታይታ» ያለው ነገር እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፤ ስልክ ሲወጣ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከዋለ ለታይታ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በየሳምንቱ እንመጣለን ካላችሁ ኑ። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በወር አንዴ በሉ፤ ግን ያላችሁትን ቀን አትቅሩ። ልጆቹ ቀን ይቆጥራሉ። «ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠዋት ይጠይቁናል። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ሰው ይምጣ። ሁለትም ካልቻለ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ለነርሷ ደውሉ፤ ልጆቹን መስኮት ጋ ሳትሰበስብ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው፤ ለብቻው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ብስክሌተኞች መጡ ተባለ። የእኛ መስኮት ግን በኋላ በኩል ነው፤ ግድግዳና የውኃ ታንከር ነው የሚያሳየው። ልጄ የሌሎቹን ልጆች ሳቅ በኮሪደሩ ሰማ። መውጣት አይፈቀድለትም። እንቅልፍ እስኪወስደው አለቀሰ። ሰዎቹ ጥሩ ሊሠሩ ነው የመጡት፤ እኔ ግን ጠላኋቸው። ስጠላቸው ደግሞ ራሴን ታዘብኩት።
የልጁ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ራስሽን አትታዘቢ። ልጅሽ ሲያለቅስ የተናደድሽ እናት ነሽ። ከዚህ ሌላ ምን ትሆኚ ነበር?

የማይፈቀድለትን ምክንያት ሐኪሞቹ ነግረውሽ ይሆናል። ኬሞው ነጭ የደም ሕዋሱን ያወርደዋል። በሽታ የሚከላከልለት ወታደር አነሰ ማለት ነው። ሌላ ልጅ ላይ ጉንፋን የሆነው እሱን ሊያተኩሰውና ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ እሱ ወደ ፊተኛው መስኮት መሄድ ካልቻለ፣ ሰዎቹ ወደ ኋላኛው ይምጡ። ይህን ማንም አላሰበበትም እንጂ ቀላል ነው። ለተረኛዋ ነርስ ንገሪያት፤ ከቡድኑ ሁለት ሰው ተነጥሎ በውኃ ታንከሩ በኩል ይቁም። ለልጅሽ ሃያ ሰው አያስፈልገውም።

ግቢው በዚያ በኩል የማያስገባ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ እንዲያውም ይበልጥ የምወደው። ከነጂዎቹ አንዱ ስልኩን ብስክሌቱ መሪ ላይ አስሮ በቪዲዮ ይደውልላችሁ። ልጅሽ አልጋው ላይ ሆኖ መንገዱን ይምራ። «ወደ ቀኝ። አሁን ወደ ግራ። እዛች ድመት ጋ ቁም።» ሃያ ትልልቅ ሰዎች እሱ ባለው ይታጠፋሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉም ሰው እሱን የሚያዘው ልጅ፣ ለሩብ ሰዓት እሱ ያዛል። አዛዡ ስለሆነ ሌሎቹ ልጆች ያላገኙትን አገኘ ማለት ነው። የሚነዳው ሰው ግን ስልኩን እያየ እንዳይነዳ። ድምፁን በጆሮው ይስማ፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ይሁን።

መሳል ከወደደ ደግሞ በወረቀት ላይ አንድ ቅርጽ ይሳል። ዓሣ፣ ቤት፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል። ነጂዎቹ በስልካቸው ካርታ ላይ መንገድ ፈልገው ያንን ቅርጽ ይንዱት። የነዱበት መስመር ካርታው ላይ ተስሎ ይወጣል፤ ያንን ምስል ለአንቺ ይላኩልሽ። ዓሣው ትንሽ የተንሻፈፈ ይሆናል፤ መንገድ እንደ እርሳስ አይታጠፍም። ልጅሽ ግን የራሱን ዓሣ ያውቀዋል።

አበባና ፀጉራም አሻንጉሊት ይዘው ከመጡ አመስግነሽ መልሺ። ለእሱ ክፍል አይሆንም። ሰዎቹ አይቀየሙሽም፤ ከተቀየሙም በእኔ አሳብቢ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ለስምንት ወር ያህል በየማክሰኞው በአንድ ሆስፒታል ስር ከቡድኔ ጋር ስነዳ ቆይቻለሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሁለተኛው መስኮት ላይ፣ አንድ ልጅ በአረንጓዴ ባትሪ ይመልስልን ነበር። ስሙን አላውቅም። ፊቱንም አይቼው አላውቅም። ላለፉት ሦስት ሳምንታት መስኮቱ ጨለማ ነው። ነርሷን ጠየቅኳት፤ ልትነግረኝ አልፈለገችም። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለመቀጠል አቅም ያለኝ አይመስለኝም።
የማክሰኞው ነጂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነርሷ ክፉ ሆና አይደለም። የታካሚ ምስጢር ነው። እኔም ብሆን አልነግርህም ነበር፤ ልቤ እየፈለገ እንኳ።

ልጁ ድኖ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ባትሪው አልቆበትም ሊሆን ይችላል። ሞቶም ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። እንቅልፍ የነሳህ እሱ ነው፤ እኔ ባልለውም አንተ ታስበዋለህ።

ፊቱን ሳታየው ማዘንህ አይግረምህ። ስምንት ወር ስትጠራው ሲመልስልህ ነበር። ይህ ወዳጅነት ነው። ስለዚህ የወዳጅ ሐዘን ያገኘሃል፤ ደግሞ ሐዘኑን የምታቆምበት ቦታ የለህም፤ የምታፅናናው ቤተሰብ የለም። እኛ ነርሶች ልጅ ሲሞትብን ቢያንስ እናቱን እናቅፋለን። አንተ ያቀፍከው የለም። ለቡድንህ ንገራቸው። እነሱም ያን መስኮት እያዩ ዝም ብለው ይሆናል። አንድ ሁለት ማክሰኞ ብትቀር ማንም አይወቅስህም፤ ቦታህን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ቅር እንጂ ዝም ብለህ አትቅር።

አንድ ነገር ከሆስፒታሉ ጋር መስማማት ትችላላችሁ። ነርሷ በየሳምንቱ ቁጥር ብቻ ትላክላችሁ። «ዛሬ ስድስት ልጆች ይጠብቋችኋል።» ስም የለም፣ በሽታ የለም፣ ማን ወጣ ማን ቀረ የለም። ከየትኛው መስኮት መልስ እንደሚመጣ ሳይሆን ስንት መልስ እንደሚመጣ ትጠብቃላችሁ። ዋርድ ውስጥ ስሠራ እኔን ያቆየኝ እንደዚህ ያለ ነገር ነው። ማታ ስገባ መጀመሪያ የማነበው ስንት ልጅ እንዳለ ነበር።

ስትመለስ ያን መስኮት አትዝለለው። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ብዙ ቀን ባዶ አይውልም። ሦስት ሳምንት ከሆነው አሁን እዚያ ሌላ ልጅ ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት ዛሬ የመጀመሪያ ማታው ነው። የመጀመሪያው ማታ ከባዱ ነው፤ ሽታው እንግዳ ነው፣ የሚጮኸው ማሽን ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለ እናንተ ማንም ገና አልነገረው ይሆናል። ጣሪያው ላይ ብርሃን ሲያልፍ ያያል። እናቱን «ምንድን ነው?» ይላታል። እናቱ ተነስታ መጋረጃውን ትገልጣለች።

ስለዚህ በዚያ መስኮት ስር ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርገህ ቁም። አዲስ ልጅ ባትሪው የት ጋ እንደሚጫን እስኪያገኘው ጊዜ ይፈጅበታል።